ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር፥ ከመጀመሪያው ስማርት ስልካችን ጋር

መንገድ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ስንቁን፥ ቀጥሎም የመንገድ ጓደኛውን ማሰናዳቱ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ለመሄድ በተነሣን ጊዜ ስንቁን የቤታችን እመቤት እንደ ወትሮዋ አሰናዳችልን፤ ጓደኛችን ግን የሰው ልጅ አልነበረም። ወርዱ ከመዳፋችን የማይበልጥ፥ ፊቱ እንደ መስተዋት የሚያበራ፥ ሲነኩት የሚታዘዝ፥ ሳይነኩትም አንዳንድ ጊዜ የሚጮኽ አንድ ስማርት ስልክ ነበረ። ይህን መሣሪያ ሕፃናት ሁሉ በሚያውቁት ዘመን ስለ እርሱ መጻፋችን የሚያስቃቸው አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሆኖም እንደ እኛ ዕድሜያቸው ጠና ብሎ፥ አዝራር ያለውን አሮጌ ስልካቸውን በኪሳቸው ይዘው የሚኖሩ፥ ልጆቻቸውም ሲጎተጉቷቸው "ነገ" እያሉ የሚያሳልፉ ክቡራን አንባቢዎች ጥቂት አይደሉምና፥ ይህን የጻፍነው በተለይ ለእነርሱ ነው።

እኛም "ነገ" ስንል ብዙ ዓመት አሳልፈናል። ስልክ የተሠራው ለመነጋገር ነው፤ ለመነጋገር ደግሞ አዝራር ይበቃል የሚል አሳብ ነበረን። የእጅ ስልክ በአገራችን ሥራ ከጀመረበት ከ1991 ዓ.ም. ጥቂት ዓመታት በኋላ የያዝነው ስልክ አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ከጠጣ ሦስት አራት ቀን ያገለግል ነበር፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ስለዚህ በእርሱ ላይ ቅሬታ አልነበረንም። ያሳዘነን ነገር የደረሰው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፥ ጥፋቱም የስልኩ ሳይሆን የራሳችን ነበረ።

በዚያ ዓመት ለሥራ ወደ ድሬዳዋ በአውቶቡስ ወርደን ነበር። ቻርጀሩን ከቤት ረስተን ስለ ሄድን ስልኩ በሁለተኛው ቀን ጠፋ። የወዳጅ ዘመድ ቁጥር ሁሉ በስልኩ ውስጥ እንጂ በወረቀት አልነበረንም፤ ያረፍንበትንም ሆቴል ስም ለማንም አልተናገርንም። የሦስት ቀን ጉዳይ ነው፥ ምን ይመጣል ብለን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ማታ ከአንድ ባለሱቅ ቻርጀር ተውሰን ስልኩን ብናበራው መልእክቱ በላይ በላዩ ወረደብን። ለካ እኛ በወጣን ማግሥት ታላቅ ወንድማችን በድንገት አርፎ፥ ቀብሩም ተፈጽሞ ኖሯል። አፈር ሳናለብሰው ቀረን። ቤት በደረስን ጊዜ እናታችን ምንም አልወቀሱንም፤ "ልጄ፥ ፈለግንህ እኮ" ብቻ አሉን። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣችም።

ወንድማችን በሞተ ጊዜ ሴት ልጁ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አድጋ፥ ተምራ፥ በድሬዳዋ ሥራ ይዛ፥ ከዚያው ከተማ ልጅ ጋር ትዳር ለመመሥረት ቀን በቆረጠች ጊዜ በአባቷ ቦታ የምንቆመው እኛ ሆንን። እናታችን ግን ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጉልበታቸውም ከግቢ አያሳልፋቸውም። በዚያም ላይ በዚያው በ2017 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ፥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ስለ ነበረ፥ መንገዳችን በዚያ በኩል መሆኑን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻም፥ "ያንን መልክ የሚያሳየውን ስልክ ገዝተህ ሂድ። ልጅቱን ስትዳር ልያት። አንተንም እንደዚያ ጊዜ ስፈልግ እንዳልኖር" ብለው አዘዙን። ልጃችን በብዙ ዓመት ልመና ያልቻለችውን እናታችን በአንድ አፍታ ጨረሱት።

ስልኩ ተገዛ። የልጃችን ምክር ከሁሉ ውድ የሆነውን ሳይሆን ባትሪው የሚበረክተውን፥ ፊቱ ሰፋ ያለውንና ሁለት ሲም ካርድ የሚይዘውን እንድንመርጥ ነበረ። ሁለት ሲም መያዝ የሚጠቅመው አንደኛው ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ሌላው ሊበረታ ስለሚችል ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ ነበረ፤ ሁለተኛው፥ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፥ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን የጀመረባት ከተማ ደግሞ ይህችው የምንሄድባት ድሬዳዋ ናት።

ትምህርቱ አንድ ሳምንት ፈጀብን። አስተማሪያችን ልጃችን ነበረች፤ ታጋሽነቷንም ከዚያ በፊት እንዲህ አላወቅነውም። በሁለተኛው ሌሊት ስልኩን ሳንቆልፍ ከትራስ ሥር ብናኖረው ከሌሊቱ በአምስት ሰዓት ወደ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቤት በገዛ ራሱ ደወለ። እርሳቸውም "ምን ሆናችሁ? ደኅና ናችሁ?" እያሉ ሲጮኹ እኛ እንቅልፍ ላይ ነበርን። በማግሥቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን፤ እርሳቸውም እየሣቁ የልጅ ልጃቸው በገዛላቸው ስልክ ያንኑ እንዳደረጉ ነገሩን። መቆለፊያውን የተማርነው ከዚያ ወዲያ ነው። የመቆለፊያውን ቁጥርና የቴሌብርን የምስጢር ቁጥር፥ ዘመድ ነኝ ብሎ ለሚደውል ሰው እንኳ፥ ለማንም እንዳንሰጥ ልጃችን ደጋግማ አስጠነቀቀችን።

ከሁሉ ያስደሰተን የገዛ ፊደላችንን በውስጡ ማግኘታችን ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደል ከነዲቃሎቹ በዚህች ጠባብ ገበታ እንዴት ይሰፍራል ብለን ነበር፤ ነገሩ ግን ቀላል ሆነ፤ አንዱን ሲነኩት ወገኖቹ ከነመልካቸው ብቅ ይላሉ። ፊደላችን የዓለም ኮምፒውተሮች በሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ፥ ዩኒኮድ በሚባለው፥ የተመዘገበው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ያ ባይደረግ ኖሮ ዛሬ በስልክ ስንጻጻፍ በሰው ፊደል ልንንተባተብ ነበር።

ይሁን እንጂ የእናታችን ዓይን ስለ ደከመ ጽሕፈት አይጠቅማቸውም። ልጃችን የቀድሞ ስልኳን ሰጠቻቸውና በቴሌግራም ድምፅ መላክን አስተማረቻቸው። የማይክሮፎኑን ምልክት በጣት ተጭኖ መናገር፥ ሲጨርሱ ጣትን ማንሣት፥ ሌላ ምንም የለውም። ድምፁ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ይሄዳል፤ ሰሚውም በፈለገ ሰዓት፥ በፈለገ ቍጥር ይሰማዋል። መልክ እያሳዩ ከመነጋገር ይልቅ የሚፈጀው የኢንተርኔት መጠን እጅግ ያነሰ ነው። እናታችን በመጀመሪያው ቀን ጣታቸውን ሳያነሡ ለሩብ ሰዓት ያህል ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ የተባሉት ሁሉ ተቀርጾ ደረሰን፤ ስለ እኛም ጥቂት የማይባል ነገር ሰማንበት።

ልጃችን ለመንገዱ የሚሆን አንድ ወረቀት ጻፈችልን፤ የዘመዶችን ቁጥር ሁሉ፥ የምናርፍበትን ሆቴል ስምና ስልክ፥ የምንመለስበትን ቀን። ከዚህ ወረቀት አንዱን በኪሳችን፥ ሁለተኛውን በእናታችን አልጋ ራስጌ አኖርነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ስልክ ይዘን ወረቀት መያዛችን ያስደነቃቸው ነበሩ፤ እኛ ግን የ2005 ዓ.ም. ነገር ስላለብን አልሰማናቸውም። ከዚህም በቀር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘውን ፓወር ባንክ የሚሉትን ጨመረችልን።

በተቆረጠው ቀን በማለዳ በለቡ ካለው ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። የቀድሞው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፥ አዲስ አበባ እስኪደርስ ግን ገና እስከ 1909 ዓ.ም. ቆይቷል። የዛሬው፥ በኤሌክትሪክ የሚሳበውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው፥ የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። ፉርጎው ንጹሕ ነበር፤ መንገደኛውም ብዙ። ገና ቢሾፍቱን ሳናልፍ እናታችን ደወሉ። ሞጆ ስንደርስ ደወሉ። አዳማም ደወሉ። እኛም በየጊዜው "አሁን እዚህ ነን" እያልን በመስኮት የሚታየውን ሁሉ በስልኩ እያነሣን እንልክላቸው ጀመር።

ከመተሐራ ወዲህ ምድሩ ጠቆረ። ከፈንታሌ ተራራ ሥር ድሮ ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ እንደ ከሰል ተከምሮ ይታያል፤ በአጠገቡም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የሄደው የበሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። የመሬት መንቀጥቀጡ ወሬ በልባችን ስለ ነበረ ስፍራውን በዝምታ ተመለከትነው። በዚህ መካከል ኔትወርኩ ጠፋ። የመጀመሪያው ስሜታችን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ድንጋጤ ነበረ፤ ከስድስት ወር በፊት ስማርት ስልክ ያልነበረን ሰዎች ስልኩ ለሩብ ሰዓት ዝም ቢል እጃችን ተንቀጠቀጠ። ካርታው ግን አልጠፋም ነበር። ልጃችን አስቀድማ ካርታውን በስልኩ ውስጥ ስላኖረችውና፥ ስልኩም ያለበትን ስፍራ የሚያውቀው በሰማይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ስለ ሆነ፥ ኔትወርክ በሌለበትም አንዲት ሰማያዊ ነጥብ በሐዲዱ ላይ እየተሳበች መሄዷን ቀጠለች። ኔትወርክ በሚጠፋበት ስፍራ ስልኩ ፍለጋ ስለሚደክም ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ የነገረን አንድ ወጣት መንገደኛ ነው፤ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ነክቶ ፍለጋውን አሳረፈልን።

የአዋሽን ወንዝ በተሻገርን ጊዜ ግን አንድ ነገር ሆነ። ኔትወርኩ ተመልሶ ስለ ነበረ፥ እኛ ጎንበስ ብለን ቀድሞ ያነሣናቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ ስንልክ ወንዙ አለፈን። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ የድሬዳዋ ሽማግሌ ከአዲስ አበባ ጀምረው ሲመለከቱን ኖረው፥ "አቦ፥ ስልክህ ሁሉን አየ፤ አንተስ ምን አየህ?" አሉን። የድሬዳዋ ሰው ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ማለት የፍቅር ልማዱ እንደ ሆነ ስለምናውቅ አልከፋንም፤ ጥያቄያቸው ግን ገባን። አዋሽን በሕይወታችን ስንት ጊዜ አልፈነዋል፤ ሳናየው ያለፍነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእናታችን ድምፅ ላክንላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት በሁለት ሰዓት፥ ማታ በአንድ ሰዓት እንደውላለን፤ በመካከሉ ችግር ካለ ብቻ ይደውሉ፤ ስልኩ ክፍት ነው አልን። ይከፋቸዋል ብለን ፈርተን ነበር። መልሳቸው ግን እንዲህ የሚል ሆኖ መጣ፦ "እሰይ። እኔስ አንተ ሥዕል ስትልክ አይቼ ካላመሰገንሁ ይቀየመኛል ብዬ እንጂ፥ ወገቤንም አላሳረፍሁ።" ሽማግሌው ይህን ሰምተው እስከ ሚኤሶ ድረስ ሣቁ።

የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚገኝ ወደ መሐል የገባነው በባጃጅ ነው። ኪሳችን ውስጥ ዝርዝር ብር አልነበረም፤ ባለባጃጁ "በቴሌብር ላክልኝ" ብሎ ስልኩን አቀረበልን፤ እኛም በአዲሱ ትምህርታችን ከፈልን። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ አገልግሎት ስንት ጭቅጭቅ እንዳስቀረ ባለባጃጆች ያውቃሉ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት ስለ ተቸገረ ከሥሩ በሜዳው ላይ ተቈረቈረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። በከዚራ ጥላው የበዛ ቀጥ ያለ መንገድ፥ በመንገዱም ራስ አሮጌው ለገሃር ዛሬም አለ። የደቻቱን አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ሲገቡ ግን ሌላ ከተማ ነው፤ ቅመሙ፥ ሽቶው፥ ልብሱ፥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ሶማልኛም የሚቀላቅለው ነጋዴ። ግንቦት ሙቀቱ የሚያይልበት ወር ስለ ሆነ ሰው ከሰዓት በኋላ ከጥላው አይወጣም።

ስልኩም ሙቀቱን አልወደደውም። በአንድ ሻይ ቤት ከጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ባገኘው ጊዜ፥ እጅግ ሞቄአለሁና እስክበርድ አላገለግልም የሚል ቃል ጽፎ ዝም አለ። በማቀዝቀዣ ውስጥ ልናኖረው አስበን ነበር፤ ሙሽራዪቱ፥ "ጋሼ፥ ምን ነካዎ! እርጥበት ይገባዋል፥ ከዚያ ወዲያ አይነሣም" ብላ ከእጃችን ወስዳ በጥላ አኖረችው። ሙቀት ባትሪውን እንደሚጎዳ፥ በቆላ አገር የሚሄዱ አንባቢዎች ልብ ይበሉ።

ሠርጉ እሑድ ሆነ። ድንኳኑ በሙሽራው አባት ግቢ ተተክሏል፤ እንግዳውም እንደ ከተማው ሁሉ ልዩ ልዩ ነው። አሳባችን ሙሽሮቹ በሚመረቁበት ጊዜ የእናታችንን መልክ በስልኩ አምጥተን፥ እርሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው የልጅ ልጃቸውን በዓይናቸው እያዩ እንዲመርቁ ነበረ። ለዚህም ስልኩን ሞላን፥ የኢንተርኔት ጥቅል ገዛን፥ በዋዜማውም ሞከርነው፤ እጅግ ጥሩ ሆኖ ነበር። ጊዜው በደረሰ ጊዜ ግን፥ በድንኳኑ ያለው ወጣት ሁሉ ስልኩን አንሥቶ ሠርጉን በቀጥታ ወደየዘመዱ ይልክ ስለ ነበረ፥ ኔትወርኩ ሸክሙን አልቻለም። የእናታችን መልክ አንድ ጊዜ ብቅ አለና ደረቀ፤ አፋቸው ተከፍቶ፥ እጃቸው ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ሥዕል ቀረ። ድምፃቸው ተቈራርጦ ጠፋ። በሁለተኛው ሲም ሞከርን፤ እርሱም እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቁናል፤ ሙሽራዪቱም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስልኩን ስልኩን ታያለች። ያን ሰዓት ያ በአሮጌው ስልክ የደረሰብን ነገር በአዲሱም የተከተለን መሰለን።

ሙሽራዪቱ ናት ያስታወሰችው። "ጋሼ፥ ትናንት ማታ የመጣውን አይተውታል?" አለችን። በዋዜማው እንግዳ ስናስተናግድ አምሽተን ያልከፈትነው አንድ የድምፅ መልእክት ነበረ፤ ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ለእርስዋም ልከውላት ኖሯል፤ ነገር ግን ብቻዋን ልትሰማው አልፈለገችም ነበርና ሳትከፍተው ይዛው አድራለች። አንድ ልጅ የድምፅ ማጉያውን ይዞ መጣ፤ ስልኩን አስጠጋነው። መጀመሪያ የተሰማው የሙቀጫ ድምፅ ነበረ፤ ከዚያም የቤታችን እመቤት "እማማ፥ ወደ ስልኩ ቀረብ ይበሉ" ስትል ተሰማ። ከዚያ ወዲያ እናታችን ተናገሩ፦

"ልጄ፥ ይህ መሣሪያ ነገ ቢያስቸግር ብዬ ዛሬ ልናገር። አባትሽ ባይኖር እኔ አለሁ፥ አጎትሽም ቆሞልሻል። የወንድ አያትሽ እኔን ሲያገቡ ያወጡኝ ከዚያ ከምትቀመጪበት አገር ነው፤ እንግዲህ ወደ ቤትሽ ገባሽ እንጂ አልራቅሽም። ውለዱ፥ ክበዱ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ከባልሽ ጋር ተኳርፈሽ አትደሪ። እኔንም በየሳምንቱ ድምፅሽን ላኪልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው።"

በድንኳኑ "አሜን" የማይል አልነበረም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ ነበር። እናታችን በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፥ መሣሪያውን ባወቁ በሁለተኛ ሳምንታቸው፥ የመሣሪያውን ድካም ከእኛ አስቀድመው አውቀውት ነበር። በአንድ ሰዓት ስንደውል፥ ኔትወርኩም በርዶ መልካቸው ጥርት ብሎ መጣ። የሆነውን ብንነግራቸው፥ "ታዲያስ! በእኛ ጊዜ ደብዳቤ በሁለት መልእክተኛ ይላክ የለም እንዴ?" አሉ።

ከሠርጉ በኋላ ሁለት ቀን ስለ ነበረን ወደ ሐረር ወጣን። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በደንገጎ ጠመዝማዛ እየተሽከረከረ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ደርቆ የነበረውንና በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ የያዘውን የሐረማያን ሐይቅ በግራ በቀኝ የጫት ማሳ ከቦታል። ሐረር ከገቡ በኋላ ከፈረስ መጋላ የሚነሣው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተቀመጡት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ ቀርጸን ለእናታችን ላክንላቸው፤ በወጣትነታቸው ልብስ ይሰፉ ነበርና ከሥዕሉ ሁሉ ይህን ወደዱት።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። የጥንት አምስት በሮች፥ ሰማንያ ሁለት መስጊዶች አሏት፤ ግንቡንም ያሠሩት በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት አሚር ኑር ናቸው። በቅጥሩ ውስጥ ያለው መተላለፊያ እጅግ ጠባብና ግድግዳው ቅርብ ለቅርብ ስለ ሆነ የሳተላይቱ ምልክት ይታወካል፤ በአዋሽ በረሃ ያልሳተችው ሰማያዊ ነጥብ በዚህ ግድግዳ ለግድግዳ ስትዘል ሦስት ጊዜ ወደ ዘጋ ቅያስ መራችን። በመጨረሻም አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እጃችንን ይዞ አወጣን። በአንድ የሐረሪ ቤት ገብተን፥ ከፍታቸው በየደረጃው በሆነ መደቦች ላይ ተቀምጠን፥ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለውን ስፌትና ሳህን ስናደንቅ እጃችን ወደ ስልኩ ሄደ። እመቤቲቱ ምንም አላሉም፤ ፊታቸውን ግን ወደ ጎን መለሱ። አፈርን፤ ስልኩን ወደ ኪስ መልሰን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና ከጠጣን በኋላ እርሳቸው ራሳቸው፥ "አሁን አንሡ፤ እንግዳ ነበራችሁ፥ አሁን ተዋወቅን" አሉን። አዲስ ስልክ የያዘ መንገደኛ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው፤ ሥዕል ማንሣት በጣት የሚፈጸም ነገር ስለ ሆነ ፈቃድ መጠየቅ ይረሳል።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ እየተመላለሰ በዚህች ከተማ በንግድ ሥራ ኖሯል። በስሙ የሚጠራውን ቤት አየነው፤ ውብ ቤት ነው፤ ይሁን እንጂ ያሠራው አንድ የህንድ ነጋዴ ስለ ሆነ ባለቅኔው በእርግጥ የኖረበት አይደለም። ራምቦ ከአገሩ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ በ1875 ዓ.ም. የራሱን መልክ አንሥቶ ለእናቱና ለእኅቱ ልኳል፤ የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ሆኖ ሥዕሉ እንደ ነጣም ጽፎላቸዋል። ያ ሥዕል በግመል ወደ ዘይላ ወርዶ፥ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ፥ ከሳምንታት በኋላ ነው በፈረንሳይ ገጠር ከእናቱ እጅ የገባው። በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታምሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሞተ። በዚያው ሰገነት ቆመን፥ ያ ሰው በደብዳቤና በደብዳቤ መካከል ስለሚኖረው ዝምታ ስናስብ ቆየን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር፤ እርሱ ግን አልደረሰበትም።

በመጨረሻው ምሽት ከቅጥሩ ውጭ ጅቦች የሚመገቡበትን ስፍራ ልናይ ወጣን። ከመውጣታችን አስቀድመን፥ ወዴት እንደምንሄድ፥ በስንት ሰዓትም እንደምንመለስ በድምፅ ልከን ስልኩን በሆቴሉ ለኤሌክትሪክ ሰጠነው። በጨለማው ውስጥ የጅቦቹ ዓይን ሲበራ፥ ሥጋውን ከሰው እጅ ሲቀበሉ፥ ምንም ሳንይዝ በሁለት ዓይናችን አየን። ስንመለስ ከእናታችን አንድ መልእክት ይጠብቀን ነበር፦ "በጅብ ፊት ስልክ ይዘህ እንዳትቆም።"

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ያን የአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ምርቃት በሌላም ስፍራ ገልብጣ እንድታኖረው ለልጃችን ነገርናት፤ ስልክ ይጠፋልና። ከሙሽራዪቱ በየሳምንቱ ድምፅ ይመጣል፤ እናታችን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልሰሙት አይተኙም። እርሳቸው ግን ማይክሮፎኑን ከለመዱት ወዲህ ጥሪ ትተዋል። ይህን በምንጽፍበት ሰዓት ከጎናችን ያለው ስልክ ጮኸ፤ የመጣውም ከአንድ ግድግዳ ማዶ፥ ከእናታችን ክፍል ነው፤ "ሦስተኛው ሊቀዳ ነው፤ ጽሕፈቱን ተውና ና" ይላሉ።